«ከሦስቱ ሐኪሞች የትኛውን እንመን?»፦ ድባቴ፣ ጭንቀትና ኦሲዲ በአንድ ልጅ ላይ

ጥያቄ፦ «ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የ17 ዓመት ታናሽ ወንድም አለኝ፤ 11ኛ ክፍል ነው። ጎበዝ ተማሪ ነበር። ሰንበት ትምህርት ቤትም ይዘምር ነበር። ካለፈው ዓመት ጀምሮ ግን ሌላ ሰው ሆኗል። ክፍሉን ዘግቶ ይተኛል፤ ሲያናግሩት ይቆጣል፤ ቤተ ክርስቲያን መሄድም ተወ። መታጠቢያ ቤት ከገባ አንድ ሰዓት አይወጣም። ሦስት ሐኪም ጋ ወስደነዋል። የመጀመሪያው ድባቴ ነው አሉን። ሁለተኛው ጭንቀት ነው አሉ። ሦስተኛዋ ደግሞ ኦሲዲ የሚባል፣ ሐሳብና ድርጊት የሚያደጋግም ሕመም ነው ብለው ፍሉኦክሴቲን አዘዙለት። መድኃኒቱን በ10ኛው ቀን 'ባሰብኝ' ብሎ ተወው። እናቴ 'ሐኪሞቹ እርስ በርስ ካልተስማሙ ጸበል ይበቃዋል' ትላለች። ባለፈው ሳምንት ደግሞ 'ባልፈጠር ይሻለኝ ነበር' አለኝ። ከሦስቱ የትኛውን እንመን? ትምህርቱንስ ያቋርጥ?» (እህቱ፣ ከአዲስ አበባ)

መልስ፦

ውድ እህቴ፣

ከመጨረሻው ልጀምር። «ባልፈጠር ይሻለኝ ነበር» ያለሽ ነገር ከሌላው ሁሉ ይቀድማል። ዛሬውኑ፣ ሁለታችሁ ብቻ ስትሆኑ፣ በግልጽ ጠይቂው። «ራስህን ለማጥፋት አስበህ ታውቃለህ? አሁንስ ታስባለህ? እንዴት እንደምታደርገው አስበሃል?» በይው። ቤተሰብ ይህን ጥያቄ ይፈራዋል። ያልነበረ ሐሳብ የምናስገባበት ይመስለናል። እንደዚያ አይደለም። ለወራት ብቻውን የተሸከመውን ነገር ሌላ ሰው ስሙን ጠርቶ ሲጠይቀው አብዛኛው ልጅ ቀለል ይለዋል።

«አዎ» ካለሽ፣ ወይም መልስ አጥቶ ካለቀሰ፣ ለደቂቃም ብቻውን አትተዉት። በዚያው ሰዓት ወደ አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል፣ ወይም ቅርባችሁ ወዳለ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ይዛችሁት ሂዱ። «አይ፣ እንዲሁ መሮኝ ነው» ቢልም እንኳ ቤት ውስጥ ያለውን መድኃኒትና የተባይ ማጥፊያ ዛሬ ቆልፉበት። አዋቂዎች የሚወስዱት የግፊትና የስኳር ኪኒን ሳይቀር። ውጭ አገር ሆኖ ይህን የሚያነብ ካለ፣ አሜሪካ 988፣ እስራኤል 1201 ይደወላል።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። ልጁን ሳላየው ምርመራ አልሰጥም። የጻፍሽውን ግን ደጋግሜ አነበብኩት። ሐኪሞቹ የተቃረኑ አልመሰለኝም። ሦስቱም ያዩትን ነው የተናገሩት። የመጀመሪያው ከአልጋ መነሳት ያቃተው ልጅ አይተው ይሆናል። ሁለተኛው ልቡ የሚመታበት፣ እግሩ አንድ ቦታ አልረጋ ያለ ልጅ አይተው ይሆናል። ሦስተኛዋ ደግሞ እጁን አይተዋል፤ ወይም መታጠቢያ ቤት ስንት ደቂቃ እንደሚቆይ ጠይቀውታል። ልጁ ግን አንድ ነው። «ከሦስቱ የትኛው?» የሚለው ጥያቄ ራሱ ያሳስተናል። አንዱን መርጠሽ ሁለቱን እንድትጥይ ያደርግሻል። እኔ ብሆን የምጠይቀው «የትኛው ቀደመ? የትኛውስ የትኛውን ጎትቶ አመጣ?» ብዬ ነው።

ድባቴ ብቻውን፣ ምንም ሳይከተለው የሚመጣበት ወጣት ብዙ አይደለም። በድባቴ ከሚታከሙ ወጣቶች ግማሽ ያህሉ፣ እንዲያውም ከዚያ የሚበልጡት፣ ሌላም ሕመም አብሯቸው አለ። ብዙውን ጊዜ ጭንቀት ነው። ጭንቀቱም አብዛኛውን ጊዜ ቀድሞ፣ ገና በልጅነት ነው የሚጀምረው። ሌላው ላይ ኤዲኤችዲ (ትኩረት የማጣትና የመቅበጥበጥ ችግር) አለ፤ ለዓመታት «ቀልበ ቢስ፣ ሰነፍ» ሲባል አድጎ በ15 ዓመቱ በራሱ ተስፋ የቆረጠ ልጅ። ሌላዋ ላይ ለማንም ያልተናገረችው ጥቃት፣ ወይም በጦርነት ጊዜ በዓይኗ ያየችው ነገር አለ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ከአእምሮ ሕመሞች አንድ ሦስተኛ ያህሉ የሚጀምሩት 14 ዓመት ሳይሞላ፣ ግማሽ ያህሉ ደግሞ 18 ዓመት ሳይሞላ ነው። ስለዚህ 17 ዓመት ላይ ድባቴ ስናይ ከኋላው ምን እንዳለ ሳንጠይቅ «ድባቴ» ብለን ብቻ መጻፍ የለብንም።

አንድ ነገር እዚህ ላይ ልጨምር። «ሲያናግሩት ይቆጣል» ብለሻል። ድባቴ ሲባል ሰው የሚጠብቀው እንባ ነው። ወጣት ላይ ግን ብዙ ጊዜ በንዴት ይወጣል። ሐኪሞች የሚጠቀሙበት የምርመራ መመሪያ ራሱ፣ ልጆችና ወጣቶች ላይ ብስጭትን እንደ ሐዘን ይቆጥረዋል። በር ጓ አድርጎ ዘግቶ «ተዉኝ!» የሚለው ልጅ ጥጋብ ይዞት ላይሆን ይችላል።

እስቲ አንድ ልጅ ላንሳልሽ። ማንነቱ እንዳይታወቅ አንዳንድ ነገር ቀይሬአለሁ። እኔ ጋ የመጣው ከዓመት በላይ በድባቴ ሲታከም ቆይቶ ነው። የዩኒፎርም ሹራቡ እጅጌ እስከ ክርኑ እርጥብ ነበር። ውጭ ደግሞ ዝናብ የለም። የጣቶቹ መገጣጠሚያ በሳሙናና በበረኪና ብዛት ተሰነጣጥቆ ደም ቋጥሯል። «እጅህ ምን ሆነ?» ስለው ቶሎ ብሎ ኪሱ ውስጥ ከተተው። የነገረኝ በሦስተኛው ቀጠሮ ነው። እሱም እናቱ ከክፍሉ ከወጡ በኋላ።

መታጠቡ ቀላሉ ነበር። ከባዱ ሐሳቡ ነው። ሊጸልይ ሲቆም የስድብ ቃል በአእምሮው ያልፋል። ሥዕል ፊት ሲደርስ አፍ አውጥቶ ሊናገረው የማይችለው ነገር ይመጣበታል። ያን ጊዜ ጸሎቱ የረከሰ መስሎት ከመጀመሪያው ይጀምራል። እንደገና ይመጣል፤ እንደገና ይጀምራል። «አባታችን ሆይ»ን ጨርሶ ለመተኛት ሌሊቱ የሚነጋበት ጊዜ ነበር። በመጨረሻ ጸሎቱንም ቤተ ክርስቲያኑንም ተወ። ቤተሰቡ እምነቱ የቀዘቀዘ መስሏቸው ይቆጡት ነበር። እሱ ግን «እኔ የተረገምኩ ነኝ፤ እዚያ ብገባ ቦታውን አረክሳለሁ» ነው ያለኝ። ድምፁ አሁንም አይጠፋኝም።

ይህ ኦሲዲ ነው። ሳይፈለግ እየመጣ የሚያስጨንቅ ሐሳብ፣ ሐሳቡን ለማብረድ ደግሞ ተደጋግሞ የሚደረግ ነገር። ሐሳቡ የሚመጣው ሰውየው ከሁሉ በላይ በሚወደውና በሚፈራው ነገር ላይ ነው። ፈጣሪውን የሚፈራ ልጅ ላይ ስድብ ሆኖ ይመጣል። ሕፃን የምትወድ እህት ላይ «ብጎዳውስ?» ሆኖ ይመጣል። ሙስሊም ወጣቶች ላይ ውዱእን አሥር ጊዜ መደጋገም ሆኖ አይቼዋለሁ፤ እነሱ ወስዋስ ይሉታል። በአማርኛም ልቡ የማያርፍለትን ሰው ወስዋሳ እንል የለ? ሐሳቡ የልጁ ፍላጎት አይደለም። ፍላጎቱ ቢሆንማ እንዲህ ባላሰቃየው። ይህን ሲሰሙ ብዙ ልጆች እኔ ፊት ያለቅሳሉ። ለዓመታት ክፉ ሰው ነኝ ብለው ነው የኖሩት።

ስለዚህ ይዘምር የነበረ ልጅ ቤተ ክርስቲያን ተወ ሲባል ቀድሞ ወደ አእምሮዬ የሚመጣው ይህ ነው። ወንድምሽ ላይ ይሁን አይሁን አላውቅም። ሐኪሟ ግን ከሐሳብ ብቻ ያመጡት አይመስለኝም።

ድባቴው እንዴት እንደሚከተል አሁን ማየት ይቻላል። ሌሊቱን ከሐሳብ ጋር ሲታገል ያደረ ልጅ ጠዋት አይነሳም። ክፍል ቢገባም መምህሩን አይሰማም። ውጤቱ ይወርዳል። ጓደኞቹ ምን ሆንክ እንዳይሉት ይሸሻቸዋል። የሚያስደስተውን ነገር አንድ በአንድ ይተዋል። ከዚያ ድባቴው በተራው ኦሲዲውን ያበረታል፤ ሐሳቡን ችላ ለማለት የነበረችውን ጉልበት ይወስድበታልና። ጭንቀቱ ደግሞ በሁለቱ መሐል ነው ያለው። ደረት መውጋት፣ ሆድ ቁርጠት፣ እንቅልፍ ማጣት። ሦስት ስም ነው፤ ሲኖሩት ግን አንዱ ካንዱ ጋር የተቋጠረ ነው።

እኔ ይህን ለመለየት የምጠቀምበት ቀላል ዘዴ አለ። ባዶ ወረቀት አጋድሜ መስመር አሰምራለሁ። መስመሩ ላይ ከ1ኛ ክፍል እስከ አሁን እጽፋለሁ። ልጆች ዓመተ ምሕረት አያስታውሱም፤ ክፍላቸውንና በዓሉን ግን ያስታውሳሉ። «መታጠብ የበዛው 8ኛ ክፍል ነው ወይስ ከዚያ በፊት?» «ኳስ የተውከው ከጥምቀት በፊት ነው ወይስ ከፋሲካ በኋላ?» እያልኩ እጠይቃለሁ። አሥር ደቂቃ ውስጥ ወረቀቱ ይሞላል። ብዙ ጊዜ ቤተሰቡ «አምና ጀመረው» ያለው ነገር መስመሩ ላይ አራት ዓመት ወደኋላ ይሄዳል። ይህን እናንተም ቤት ልትሠሩት ትችላላችሁ።

እዚያው መስመር ላይ ሌሎች ነገሮችም መታየት አለባቸው። ጫት ይቅማል ወይ? ለጥናት ብሎ የሚጀምር ተማሪ ብዙ ነው። ምርቃናው ላይ ንቁ ያደርገዋል፤ እንቅልፉን ይነሳዋል፤ በማግስቱ ድብርት ይጥለዋል። ጨብሲው ሲጨመርበት ደግሞ የትኛው ሕመም የትኛው ጫት እንደሆነ መለየት ያስቸግራል። ሳትቆጡ ጠይቁት፤ ከተቆጣችሁ አይነግራችሁም። ሌላው፣ ለብዙ ቀን ትንሽ ብቻ ተኝቶ ያልደከመው፣ ያለ ልማዱ የተለፋደደና ገንዘብ የበተነበት ጊዜ ነበር? በዘመድስ ባይፖላር (ስሜት በድባቴና ከልክ ባለፈ መነቃቃት መካከል የሚዋልልበት ሕመም) ያለበት አለ? ይህ ለሐኪሙ መነገር አለበት። ባይፖላር ያለበት ልጅ የድባቴ መድኃኒት ብቻውን ሲሰጠው ወደ ሌላኛው ጫፍ ሊገለበጥ ይችላል። የደም ማነስና የታይሮይድ ምርመራም ካልተደረገለት ይደረግለት። ውድ አይደለም፤ ከድካሙ ውስጥ ድርሻ ካለውም ቶሎ ይታወቃል።

መድኃኒቱን በ10ኛው ቀን መተዉ አሳዝኖኛል፤ ግን አልገረመኝም። ፍሉኦክሴቲንና ዘመዶቹ መጀመሪያ የሚያሳዩት ጉዳታቸውን ነው። ማቅለሽለሽ፣ መቅበጥበጥ፣ የእንቅልፍ መዛባት በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ይመጣሉ። ጥቅሙ ዘግይቶ ነው የሚታየው። ለድባቴ ከ4 እስከ 6 ሳምንት፣ ለኦሲዲ ደግሞ ከ8 እስከ 12 ሳምንት መጠበቅ አለበት። ለኦሲዲ መጠኑም ብዙ ጊዜ ከፍ ይላል። ይህንን አስቀድሞ ያልተነገረው ልጅ 10ኛው ቀን ላይ ቢተወው ምን ይፈረድበታል? በነገራችን ላይ ይኸው መድኃኒት ለሦስቱም ያገለግላል። ሦስት ስም ስለተሰጠው ሦስት ዓይነት ኪኒን ይወስዳል ማለት አይደለም።

«ባሰብኝ» ያለው ግን በደንብ ይጠየቅ። ማቅለሽለሽ ነው? ወይስ ውስጡ አልረጋ ብሎት የሞት ሐሳቡ ጨመረ? ሁለቱ በጣም ይለያያሉ። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2004 እነዚህ መድኃኒቶች ላይ ከባድ ማስጠንቀቂያ እንዲጻፍ ያዘዘው በዚህ ምክንያት ነው። በልጆችና በወጣቶች ላይ የተደረጉ ጥናቶች ሲደመሩ፣ መድኃኒቱን ከወሰዱት ከ100 ወደ 4 ያህሉ፣ ለማነጻጸር መድኃኒት የሌለበት ባዶ ኪኒን ከወሰዱት ደግሞ ከ100 ወደ 2 ያህሉ ራስን የማጥፋት ሐሳብ ወይም ሙከራ ታይቶባቸዋል። በእነዚያ ጥናቶች ውስጥ ሕይወቱን ያጠፋ አልነበረም። እኔ ከዚህ የምረዳው መድኃኒቱ አይሰጥ የሚል አይደለም። በመጀመሪያው ወር ልጁ በየሳምንቱ ይታይ፣ ቤት ውስጥም ዓይን ይኑርበት የሚል ነው። ስለዚህ ወደ ሦስተኛዋ ሐኪም ተመለሱ። ለምን እንደተወው እሱ ራሱ ይንገራቸው። በራሳችሁ መልሳችሁ አታስጀምሩት። «ለእንቅልፍ ይሁነው» ብላችሁም የሌላ ሰው አሚትሪፕቲሊን (የቆየ የድባቴ ኪኒን ነው) እንዳትሰጡት። ለወጣቶች ድባቴ ይህ ነው የሚባል ጥቅም አልታየበትም፤ አደጋው ግን ከባድ ነው።

መድኃኒት ብቻውንም አይበቃም። እ.ኤ.አ. በ2004 አሜሪካ ውስጥ የታተመ አንድ ጥናት ኦሲዲ ያለባቸውን ከ7 እስከ 17 ዓመት የሆኑ 112 ልጆች ለ12 ሳምንት ተከታትሏል። ሲቢቲ የሚባለውን የንግግር ሕክምናና ሰርትራሊን የተባለውን መድኃኒት አብረው ካገኙት 54 በመቶ ያህሉ ምልክታቸው ጠፋ ሊባል እስኪችል ተሻላቸው። የንግግር ሕክምናውን ብቻ ካገኙት 39 በመቶ ያህሉ፣ መድኃኒቱን ብቻ ከወሰዱት 21 በመቶ ያህሉ። ባዶ ኪኒን ከወሰዱት ግን 4 በመቶ ያህሉ ብቻ።

ስሙ የንግግር ሕክምና ይባል እንጂ ለኦሲዲ ሲሆን ወሬ አይደለም። ልጁ የበር እጀታ ይነካል፤ ሳይታጠብ አምስት ደቂቃ ይቆያል። ጭንቀቱ ይወጣል፣ ይወጣል፣ ከዚያ በራሱ መውረድ ይጀምራል። ነገ አሥር ደቂቃ ይሆናል። ጸሎት ላይ ሐሳቡ ሲመጣ ወደኋላ ሳይመለስ እስከ መጨረሻው ይጨርሳል። ቀላል አይደለም፤ ግን ይሠራል። ድባቴው ከብዶት ከአልጋ መነሳት ካቃተው ግን በዚህ አይጀመርም። መጀመሪያ ትንሽ ትንሽ እንቅስቃሴ ይመለስለት፦ ጠዋት መነሳት፣ ሱቅ ድረስ መሄድ፣ ከአንድ ጓደኛ ጋር ሻይ መጠጣት። ቀና ሲል ወደ ከባዱ ይገባል። አማኑኤል፣ ጳውሎስና ዘውዲቱ ሆስፒታሎች የአእምሮ ሕክምና አገልግሎት አላቸው። ስትሄዱ ኦሲዲን በዚህ መንገድ የሚያክም ሳይኮሎጂስት እንዲያገናኟችሁ በስሙ ጠይቁ።

አሁን ለአንቺና ለእናትሽ። «እጄ ንጹህ ነው አይደል?» «ኃጢአት ሠራሁ እንዴ?» እያለ ደጋግሞ ይጠይቃችኋል? «ንጹህ ነህ የኔ ጌታ» ብላችሁ ትመልሱለታላችሁ? ከፍቅር እንደሆነ አውቃለሁ። ግን እያንዳንዱ መልስ ለግማሽ ሰዓት ያሳርፈውና ቀጣዩን ጥያቄ ይወልዳል። ሳሙናውን የምትገዙለት፣ ፎጣውን ለብቻ የምታጥቡለት፣ እሱ ስለሚያመው ሁላችሁም ጫማ በር ላይ የምታወልቁ ከሆነም እንዲሁ። ይህን በአንድ ቀን አትቁረጡት፤ ጭካኔ ይሆንበታል። ከሐኪሙ ጋር ተነጋግራችሁ፣ እሱም ተስማምቶ፣ በጥቂት በጥቂቱ ቀንሱ። እስከዚያ ድረስ «ይህ ጥያቄ የበሽታው ነው፤ አንተን ግን እወድሃለሁ፤ ና እራት እንብላ» ማለት ትችያለሽ። የሚሠራ ዓረፍተ ነገር ነው። ብዙ ቤት ሞክረውታል።

ስለ ጸበል። እናትሽን አትጣያቸው። ልጃቸው እየጠፋባቸው ነው፤ የሚያውቁት በር ያንን ነው። «ጸበልም መድኃኒትም» በያቸው። አቡነ ጳውሎስ ፓትርያርክ በነበሩበት ጊዜ የኤችአይቪ ሕሙማን ጸበሉንና መድኃኒቱን አብረው እንዲወስዱ በአደባባይ ተናግረዋል። ለዚህም ያው ነው። የምፈራው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ጸበሉም እንደ መታጠቡ የሚደጋገም ግዴታ እንዳይሆንበት። ንስሐውም እንዲሁ፤ አንዱን ነገር በሳምንት አምስት ጊዜ የሚናዘዝ ልጅ በሽታው ነው የሚያናዝዘው። የንስሐ አባቱን አንቺ ራስሽ አነጋግሪያቸው። ሕመሙን አስረጂያቸው። አንድ ጊዜ ሰምተውት፣ ስለዚያው ጉዳይ ሁለተኛ እንዳይሰሙት ለምኛቸው። ይህን የተረዱ አባቶች ከእኔ ኪኒን ያላነሰ ሲረዱ አይቻለሁ።

ትምህርቱን ያቋርጥ ላልሽው፣ የሞት ሐሳቡ በሐኪም እስኪታይለት ድረስ ጥቂት ቀን ቢያርፍ አይከፋም። ዓመቱን ሙሉ ግን አታስቁሙት። ቤት የዋለ ልጅ ከሐሳቡ ጋር ነው የሚውለው፤ መታጠቢያ ቤቱም እዚያው ነው። ርዕሰ መምህሩን አነጋግሩ። ከሐኪሙ ደብዳቤ ይዛችሁ፣ ግማሽ ቀን እንዲማር፣ ለፈተና ጊዜ እንዲጨመርለት ጠይቁ። ብዙ ትምህርት ቤት በወረቀት ሲጠየቅ እሺ ይላል።

ቀጠሮ እስክታገኙ ድረስ ያንን መስመር አብራችሁ ሥሩት። ብዕሩን እሱ ይያዘው። መጻፍ የማይፈልገው ነገር ካለ ቦታውን ባዶ ይተወው፤ ለሐኪሟ ብቻውን ይነግራቸዋል። አንቺ ያን ጊዜ ከክፍሉ ውጪለት።